የማትጫን በቅሎ

ሰውዬው ብቸና የሚመጣው ክረምቱ አልፎ ጭቃው ሲደርቅ ነበር። መጀመሪያ የሚታየን በበቅሎዋ ጀርባ ላይ የቆመው ቀይ አውራ ዶሮ ነው። ከዚያ በቅሎዋ ራሷ፣ ከጎኗ አንዲት ነጭ ፍየል፣ ከፍየሏ ኋላ አንድ ዓይኑ የጠፋ ውሻ። እሱ ከሁሉም በኋላ ይመጣል። ቁርበቱን፣ የጠቆረ ድስቱን፣ የእህል ከረጢቱንና ጋቢውን አንድ ላይ በጠፍር አስሮ በትከሻው ተሸክሞ፣ አንገቱን ወደፊት አስግጎ፣ ላቡ በጉንጩ እየወረደ። በቅሎዋ ባዶዋን ትሄዳለች። ኮርቻም ልጓምም የላትም። ጸጉሯ ተቦርሾ ተቦርሾ ያብረቀርቃል።

እኛ ልጆቹ ከገበያው ዳር ጀምረን እንከተለዋለን። ትልልቆቹም ሥራቸውን አቁመው ያዩታል። ከሱቅ በረንዳ ላይ ሆኖ «አንተ ሰውዬ፣ በቅሎዋን ጫናት እንጂ፤ ለማን ልታስቀምጣት ነው?» የሚለው ሰው ጠፍቶ አያውቅም። እሱ ቀና ብሎ ያያል፤ ሳይቆጣ ሁልጊዜ ያንኑ መልስ ይመልሳል።

«እሜቴ የሚሸከሙትን ተሸክመው ጨርሰዋል።»

ሰው ይስቃል። እሱ መንገዱን ይቀጥላል።

እንስሶቹን ሁሉ በማዕረግ ነበር የሚጠራቸው። በቅሎዋ እሜቴ ነች። ዶሮው ጎህ ሲቀድ ዜማውን ስለሚያነሳ መሪጌታ ነው። ውሻው ጋሼ፤ ፍየሏ ደግሞ ምግብ ስለምታማርጥ ሙሽራዬ። ከፍየሏ በቀር ሁሉንም «እርስዎ» ይላቸዋል። «እሜቴ፣ ውሃው ቀዝቃዛ ነው፣ ቀስ ብለው ይጠጡ።» «ጋሼ፣ እዚህ ጥላው ውስጥ ይረፉ።» እብድ ነው የሚሉ ነበሩ። ቅኔ ቤት ገብቶ ቅኔው አናቱ ላይ ወጥቶበት ነው የሚሉም ነበሩ። የብቸና ሰው የማይገባው ነገር ሲገጥመው ቅኔን ምክንያት ማድረግ ይወዳል።

አባቴ የወሎ ሰው ነው። በእንስሳት ጤና ክሊኒክ ተመድቦ ነበር እናቴንና እኔን ይዞ ብቸና የመጣው። የምንኖረው ከክሊኒኩ አጥር ጥግ፣ ሰፊ ግቢ ባለው የኪራይ ቤት ውስጥ ነበር። ሰውዬው ግቢያችን መጀመሪያ የገባው በቅሎዋ አነከሰችብኝ ብሎ ነው። አባቴ እግሯን አንስቶ ኮቴዋን አየ፤ የተሰነቀረ ጠጠር አገኘና በጉጠት አወጣው።

«በቃ፣ ደህና ናት» አለው። ሰውዬው አመስግኖ ሸክሙን ከመሬት ሊያነሳ ሲያጎነብስ ግን አባቴ ሸሚዙ ላይ የደረቀ ደም አየ። «ቆይ እስቲ፣ ሸሚዝህን አውልቀው» አለው።

ቁስሉን እኔም አየሁት። ጠፍሩ ትከሻውን በልቶ በልቶ፣ ግማሹ ጠባሳ ግማሹ ጥሬ ሥጋ ሆኗል።

«ይሄን ዓይነት ቁስል የማየው በአህያና በበቅሎ ጀርባ ላይ ነበር» አለ አባቴ። «ሰው ላይ አይቼ አላውቅም።»

«ግድ የለም» አለ ሰውዬው። «የኔ ይድናል።»

አባቴ አጥቦ አሸገለት። እናቴ ቁስሉ እስኪደርቅ ግቢያችን ውስጥ እንዲያርፍ ለመነችው። እኛ ሙስሊሞች ነን፣ ስለዚህ የምታቀርብለት ዳቦ፣ ቆሎና ሽሮ ነበር፤ እሱም በስመ አብ ብሎ ይበላል። ከተማው ሁሉ «አንተ» ሲለው እናቴ ብቻ «እርስዎ» ትለዋለች። አንድ ቀን ለምን እንደሆነ ጠየቅኳት። «ለበቅሎ የሚያጎነብስ ሰው ለኛ ሳያጎነብስ ይቀራል? የሚያከብርን ማክበር ነው» አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ ጎራ ይል ጀመር። እኔ የምጠብቀው እንደ በዓል ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ከበሩ ላይ የመሪጌታን ድምፅ ከሰማሁ ደብተሬን ወርውሬ ወደ ጓሮ እሮጣለሁ። ፍየሏን ሣር እንዳበላ ይፈቅድልኛል። ስታላምጥ ጆሮውን ወደ አፏ አስጠግቶ የምትለውን ይተረጉምልኛል። «ከዚህ ሣር ያለፈው ዓመቱ ይሻላል እያለች ነው።» «ያቺ ልጅ እጇን ታጥባለች ወይ እያለችኝ ነው።» እኔ እንባዬ እስኪመጣ እስቃለሁ። እሱ አይስቅም፤ ግን ስስቅ ደስ ብሎት ዝም ብሎ ያየኛል። ሲያየኝ ዓይኑን ቶሎ አያነሳም ነበር። ያኔ ምንም አይመስለኝም ነበር።

«ልጆች አሉዎት?» ብዬ ጠይቄው አውቃለሁ። የሸክሙን ጠፍር እያጠበቀ ነበር። እጁ ቆመ፤ ከዚያ እንደገና ማጥበቁን ቀጠለ።

«ሞጣ ሰው አለኝ» አለ።

ከእኛ ቤት ሲወጣ ሁልጊዜ በግንደወይን አድርጎ ወደ ሞጣ እንደሚሄድ ያወቅኩት በዚህ ነው።

አራተኛ ክፍል ስጨርስ አባቴ ወደ ሞጣ ተዛወረ። እናቴ ደስ አላት፤ ሞጣ ውስጥ መስጊዱም ጎረቤቱም እንደሚበዛላት ታውቅ ነበር። እኔ አለቀስኩ። ዕቃችን በአይሱዙ ተጭኖ ግንደወይንን ስናልፍ፣ ሰውዬው ብቸና መጥቶ ሲያጣን ምን እንደሚል ነበር የማስበው። አባቴ ስነግረው ሳቀ። «እሱ ሞጣም ይመጣል። እንዲያውም እዚያ ነው የሚቆየው ይባላል» አለኝ።

ሞጣ የተከራየነው ሁለት ክፍል ቅቤ ነጋዴ በሆነች ሴት ግቢ ውስጥ ነበር። ሴትዮዋ ባሏ የሞተባት፣ ወፍራም፣ ስትናገር ፈጣን፣ ለእናቴ ገና በመጀመሪያው ቀን እንሥራና ወንፊት ያዋሰች ሰው ነች። ከእሷ ጋር አንዲት ልጅ ትኖራለች። ከእኔ በጥቂት ዓመት ትበልጣለች። ቀጭን፣ ረዥም፣ ዝምተኛ። ሴትዮዋን «እማ» ነው የምትላት። እኔ እህት ስላልነበረኝ እንደ ጥላ ተጠጋኋት፤ እሷም አልገፋችኝም። ጸጉሬን ትሠራኛለች፣ ትምህርት ቤት እጄን ይዛ ትወስደኛለች፣ ሒሳብ ያልገባኝን ታሳየኛለች። ስለ ራሷ ግን አንድም ነገር አታወራም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል እኔ መንገድ መንገዱን ማየት ጀመርኩ። አንድ ከሰዓት በኋላ ሁለታችን ደጃፍ ላይ ተቀምጠን ምስር ስንለቅም ስለ ሰውዬው ነገርኳት። ተነስቼ እንደሱ ጎብጬ ተራመድኩ። እጄን ዘርግቼ «እሜቴ፣ ቀስ ብለው ይጠጡ» አልኩ፣ በእሱ ድምፅ። ትስቃለች ብዬ ነበር። ሰፌዱን መሬት ላይ አስቀምጣ፣ ምስሩን ከቀሚሷ ላይ አራግፋ፣ ወደ ውስጥ ገባች።

የግቢው ባለቤት ከጓዳ ሆና ሰምታ ነበር። ወጥታ አጠገቤ ቁጢጥ አለች። «ልጄ፣ ይሄን ጨዋታ እዚህ ግቢ ውስጥ አትጫወቺው፣ እሺ?» አለችኝ። አልተቆጣችም። ድምፅዋ የደከመ ነበር።

እናቴ በኋላ ነገረችኝ። ባለቤቲቱ የሰውዬው እህት ነች። ልጅቷ ደግሞ የእሱ ልጅ ነች። እናቷ በወሊድ ሞተች፤ እሱ ጨቅላዋን ለእህቱ ሰጥቶ በቅሎውን ይዞ ወጣ፤ በዚያው ቀረ። በዓመት አንድ ጊዜ ይመጣል፣ ከመንገዱ ማዶ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ተቀምጦ ይሰነብታል፣ እህቱ ምግብ ታወጣለታለች። ከበሩ ወደ ውስጥ ግን ገብቶ አያውቅም። ልጅቷም ወጥታ አታውቅም።

በዚያ ዓመት ሲመጣ በመስኮት አየሁት። ሸክሙን አውርዶ ለበቅሎዋ ሣር በተነላት፤ ውሻው እግሩ ሥር ተኛ። ከዚያ ወደ እኛ በር ዞሮ ተቀመጠ። እኔ ሳላስበው ሮጬ ወጣሁ።

«የብቸናዋ» አለኝ፣ ፊቱ ሁሉ በርቶ። «ሙሽራዬ፣ ተመልከቺ፣ የብቸናዋ ልጅ እዚህ መጥታለች።» ራሴን ዳሰሰኝ። ስለ አባቴ፣ ስለ እናቴ ጠየቀኝ። እያወራኝ ዓይኑ ግን ከበሩ ላይ አልተነሳም።

ስመለስ ልጅቷ የመስኮቱን መዝጊያ ገርበብ አድርጋ በቀጭኑ ክፍተት እያየችው ነበር። እንደገባሁ ሰምታለች፤ አልዞረችም።

«አንቺን ምን አለሽ?»

«የብቸናዋ አለኝ።»

«ለበቅሎ እሜቴ ይላል» አለች። «እኔን አንድ ቀን ልጄ ብሎኝ አያውቅም።»

እንዲህ ሆኖ ዓመታት አለፉ። እሱ ማዶ፣ እሷ ከመስኮቱ ኋላ፣ እኔ በመሃል እየተመላለስኩ። እህቱ ሁለቱንም ለምና ለምና ተስፋ ቆርጣ ነበር። ለእናቴ «አንድ ቀን አንዳቸው መንገዱን ቢሻገሩ ብዬ ነው የምኖረው» ስትላት ሰምቻለሁ።

በቅሎዋ የወደቀችው እኔ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ሰውዬው ሸክሙን ጥሎ፣ ብቻውን፣ እየሮጠ ክሊኒኩ ገባ። እሱን ያለ እንስሶቹ አይቶት የሚያውቅ ስላልነበረ ጥበቃው እንኳ ቶሎ አላወቀውም። አባቴ ቦርሳውን ይዞ አብሮት ሄደ። በቅሎዋ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ግንደወይን በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ሣሩ ላይ ተኝታ ነበር። አባቴ የሚችለውን አደረገ። እቤት ሲመለስ ሱሪው ጉልበቱ ድረስ ጭቃ ነበር።

«አርጅታለች» አለ። «አንጀቷ ታጥፎባታል። ልረዳት አልቻልኩም።» ውሃ ጠጣና ጨመረ። «ራሷን ጭኑ ላይ አድርጎ ይቅርታ እየጠየቃት ነበር። አሁን አካፋ እየፈለገ ነው። ሊቀብራት ነው።»

እህቱ ከጓዳ ዶማና አካፋ አውጥታ በትከሻዋ አድርጋ ወጣች።

ወሬው ከተማውን ለመዞር ጊዜ አልፈጀበትም። ለበቅሎ መቃብር የሚቆፍር ሰው ለማየት ወጣቱ ሁሉ ወደዚያ ይጎርፋል። እኔና ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስንወጣ አንዱ የክፍሏ ልጅ እየሳቀ ነገራት። የማን ልጅ እንደሆነች አያውቅም ነበር። ባለችበት ቆመች። ከንፈሯ ነጭ ሆኖ አየሁ።

«እናቴን የቀበሯት ጎረቤቶች ናቸው» አለችኝ፣ ልጁ ከሄደ በኋላ። «እሱ ቀብሯ ላይ አልቆመም። እማ ነግራኛለች። ለበቅሎ ግን ይቆፍራል።»

ወደ ቤት የሚወስደውን መንገድ ትታ ወደ ታች መሄድ ጀመረች። ተከተልኳት። ልመልሳት አልሞከርኩም፤ የሚመልሳት ሰውም አልነበረም።

ስንደርስ ሰውዬው ጉድጓዱ ውስጥ እስከ ወገቡ ገብቷል። በቅሎዋ በጋቢው ተሸፍናለች። ዶሮው መሬት ላይ ወርዶ ጋቢውን ይዞራል። ወጣቶቹ ድንጋይ ላይ ተደርድረው ይሳሳቃሉ። እህቱ ራቅ ብላ በጉልበቷ ላይ ተደፍታለች። ልጅቷ ሰዉን ሰንጥቃ አልፋ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመች። ሰውዬው ጥላዋን አይቶ ቀና አለ።

ፊት ለፊት ሲተያዩ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋቸው ያኔ ነው። አገጫቸው አንድ ነበር።

«እንደምን ዋሉ» አላት።

«አንቺ በለኝ» አለችው። «ልጅህ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለ። «አውቃለሁ፣ እመቤቴ።»

«እናቴ ስትቀበር የት ነበርክ?»

አካፋውን አፈሩ ላይ ተከለና በሁለት እጁ ተደገፈበት። ወጣቶቹ መሳሳቃቸውን አቆሙ።

«ከእሜቴ ጋር ነበርኩ» አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ አፈሩን እያየ፣ ነገራት። እንዲህ ነው ያለው፣ እስከማስታውሰው ድረስ።

«ምጡ ሲጠናባት ሞጣ ላደርሳት ተነሳሁ። ቃሬዛ የሚይዝ ሰው አጣሁ፤ አገሩ ሁሉ እርሻ ላይ ነው። በእሜቴ ላይ አስቀመጥኳት። ዝናብ ነበር። መንገዱ ጭቃ ነበር። እርስዎ መንገድ ላይ ተወለዱ፣ ከአንድ ግራር ሥር። ደሟ ግን አልቆም አለ። እኔ የማደርገውን አላውቅም። በነጠላዋ እርስዎን ደረቷ ላይ አሰርኩና እንደገና በእሜቴ ላይ አወጣኋት። ትንሽ እንደሄድን ጉልበቴ ከዳኝ። ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። እሳቸው ግን አልቆሙም። ማንም ሳይመራቸው ሄዱ። እኔ ጅራታቸውን ይዤ ነው የተከተልኩ። ሞጣ ስንገባ እናትዎ ሞታለች። እርስዎን እንዳቀፈች ነው የሞተችው። እርስዎ ያለቅሱ ነበር።»

ልጅቷ አልተንቀሳቀሰችም።

«ከዚያ ወዲህ እሜቴን ምንም አልጫንኳቸውም» አለ።

«እኔስ?» አለችው። «እኔን ለምን ተውከኝ?»

«ሰው መያዝ ፈራሁ» አለ። እጆቹን ከአካፋው ላይ አንስቶ አያቸው፤ መልሶ ያዘው። «እህቴ እጇ ደህና ነው ብዬ ነው።»

«አንቺ በለኝ» አለችው እንደገና፣ አሁን በቀስታ።

አፉን ከፈተ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ቃሉ አልወጣም። ራሱን ነቀነቀ፤ እንባው ጺሙ ላይ ወረደ። ልጅቷ እየጠበቀች ቆመች። ከዚያ ጫማዋን አወለቀች። ዶማውን ከመሬት አነሳችና ጉድጓዱ ውስጥ ወረደች።

መቆፈር ጀመረች። በዚያ ልብስ፣ በትምህርት ቤት ዩኒፎርም። መጀመሪያ አንድ ወጣት ወረደና ዶማውን ከእጇ ሊቀበላት ሞከረ፤ አልሰጠችውም። ሌላ አካፋ ከቅርብ ቤት መጣ። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሲስቁ የነበሩት ተራ በተራ ገብተው ቆፈሩ። ፀሐይ ሳትገባ በቅሎዋ ተቀበረች፤ ጅብ እንዳያወጣት ድንጋይ ተከመረባት። ሰውዬው ሁሉንም አንድ በአንድ እጅ እየነሳ አመሰገነ።

«ቤት እንሂድ» አለችው ልጅቷ።

«እመጣለሁ» አላት።

እህቱ ሮጣ ሄዳ አልጋ አነጠፈች፤ ውሃ አሞቀች። እናቴ ዳቦ ጋገረች። ልጅቷ ልብሷን ቀይራ በሩን ከፍታ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። አልመጣም። በማግስቱ ጠዋት አባቴ ሊያየው ወደ መንገዱ ሲወርድ አጣው። ሸክሙን ተሸክሞ፣ ፍየሏንና ውሻውን አስከትሎ፣ ዶሮውን በብብቱ ይዞ ሲሄድ ያየው ሰው ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት መጣ። እንደ ድሮው ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ ተቀመጠ። ልጅቷ መስኮቱን አልዘጋችም። የውሃ ጣሳ ይዛ መንገዱን ተሻገረችና አጠገቡ ተቀመጠች። እህቱ ከበሩ ሆና አይታ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ለረዥም ጊዜ እንዲያ ተቀምጠው ቆዩ። እሱ «እርስዎ» ነው የሚላት፤ እሷም «አንቺ በለኝ» ማለቷን ተወች። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ እንዲሁ ነበር። ዶሮውን ሸለምጥማጥ በላው። ፍየሏ በእርጅና ሞተች። ውሻውም ሲሞት መንገድ ላይ ያገኘውን ሌላ ውሻ አስከተለ፤ እሱንም ጋሼ አለው። በቅሎ ግን አልገዛም። ትከሻው እየጠበበ፣ ወገቡ እየጎበጠ ሄደ፤ ሸክሙ እንዳለ ነበር። «ሸክሙን እዚህ አስቀምጠው፣ እኔ እጠብቅልሃለሁ» ትለዋለች። እሱ ይስቃል። መሳቁን ያየሁት በእነዚያ ዓመታት ነው።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ወጣሁ፤ ባሕር ዳር ሥራ ያዝኩ። አባቴና እናቴ ወደ ወሎ ተመለሱ። ልጅቷ ሞጣ አገባች፣ ወለደች። አክስቷ ስትሞት የቅቤ ንግዱን ያዘች። በስልክ እንገናኛለን። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ትደውልልኝና «መጣ» ትለኛለች፤ ሌላ ነገር አታወራም።

ከዚያ ውጊያ መጥቶ መንገዱ ተዘጋ። አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ መልሶ ይዘጋል። ሚኒባሱ ሲቆም ገበያው ይቆማል፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ማን እንዳለ ማን እንደሌለ አይታወቅም። በዚያ ዓመት እሱ አልመጣም። በሚቀጥለውም አልመጣም። ኔትወርክ በተመለሰ ቁጥር ትደውልልኛለች። ሹፌሩን ሁሉ ጠይቃለች። ከብቸና የመጣ ሰው ባገኘች ቁጥር ውሻ የሚያስከትል ሽማግሌ አይተው እንደሆነ ትጠይቃለች። ሰዉ የራሱ የጠፋ ሰው ነበረው፤ አዝኖላት ያልፋል።

ወሬው የመጣው ከቅቤ አምጪዎቿ በአንዷ ነው። ከግንደወይን ወዲያ ባለ ቀበሌ አንድ መንገደኛ ሽማግሌ ገበሬ ቤት ታሞ ሞቷል፣ ውሻ ነበረው፣ አለቻት። መንገዱ የተከፈተ ዕለት ባሕር ዳር ደወለችልኝ። «አብረሽኝ ትሄጃለሽ?» አለችኝ። በማግስቱ ሞጣ ደረስኩ።

ከግንደወይን አልፈን ከሚኒባስ ወረድንና በእግር ገባን። ቤቱን አገኘነው። የገበሬው ሚስት ወጣት ናት፤ ልጅ አዝላለች። የመጣንበትን ስንነግራት በርጩማ አወጣችልን፣ ጠላ ልትቀዳ ተነሳች። የእኔን ሻሽ አይታ «ለእርስዎ ውሃ ላምጣ» አለችኝ።

ክረምት ላይ ነው የመጣው፣ እያሳለው፣ አለችን። ከጥጆቹ ጋር ማደር ይሻለኛል ብሎ እነሱ ዘንድ ተኛ። ሳሉ ሲጠናበት ባሌ አንስቶ እሳቱ አጠገብ አስተኛው። ጤና ጣቢያ እንውሰድህ ብንል መንገዱ የሚያስኬድ አልነበረም። ካህን ጠራንለት፣ የክርስትና ስሙን ነገራቸው። ፍትሐት አልቀረበትም፣ አለችን።

ጓደኛዬ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ሁሉንም ሰማች። ከዚያ «ስለ ልጅ ያነሳው ነገር ነበር?» አለች።

ሴትየዋ ውሸት ብትነግራት ሁላችንም እንቀበላት ነበር።

«እህቴ፣ እኔ አልሰማሁም» አለች። «ብዙም አይናገርም ነበር። መንገዱ መቼ ይከፈታል እያለ ይጠይቅ ነበር። ይሄንንማ ሁሉም ሰው ይጠይቃል።»

«እሺ» አለች ጓደኛዬ። «እግዜር ይስጥልኝ። ደክማችኋል።»

ቤተ ክርስቲያኑ ከጉብታው ላይ ነው። ሴትየዋና እሷ ገቡ፤ እኔ ከቅጥሩ በር ላይ ቀረሁ። ከዚያ ሆኜ የማየው ጥቂት ነበር። ጥግ ላይ፣ ከወይራዎቹ ሥር፣ ሴትየዋ በእጇ ስታመለክት፤ እሷ ስትንበረከክ። ከዚያ ነጭ ነጠላዋን ብቻ ነው ያየሁት። ሴትየዋ ተመልሳ እኔ ዘንድ መጣች፤ ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ እያጠባች አብራኝ ጠበቀች። ውሻውን ጠየቅኳት። ቀብሩ ከተፈጸመ በኋላ ትንሽ ሰንብቶ ሄደ፣ ወዴት እንደሄደ አላየንም አለችኝ።

ጓደኛዬ ስትመጣ ዓይኗ ደርቆ ነበር። «ጠባብ ናት ቦታዋ» አለች። «ድንጋዮቹን አስተካከልኩለት።»

ሞጣ ከሩቅ ስትታይ «ምን ብዬ ልቅሶ ልቀመጥ?» አለችኝ። «አባቴ ሞተ ብል፣ ከመቼ ወዲህ ነው አባት የነበረሽ ይሉኛል።»

«አንቺ ተቀመጪ» አልኳት። «የሚመጣ ይምጣ።»

ባሏ ድንኳን ተከለ። መጀመሪያ ላይ የመጣው ጎረቤት ብቻ ነበር፤ እሱም ምን ብሎ እንደሚያጽናናት ግራ ገብቶት ስለ ዝናቡ ያወራል። ኋላ ላይ ከሩቅ ሰፈር ጎልማሶች መጡ። ከመካከላቸው አንዱ ዝቅ ብሎ «እኔ ጉድጓዱን ስትቆፍሩ የነበርኩ ነኝ» አላት፤ ሌላ ሳይጨምር ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። አባቴ ከወሎ ደወለ። ስልኩን ሰጠኋት። የሚላትን አልሰማሁም፤ እሷ «እሺ ጋሼ፣ እሺ ጋሼ» ብቻ ነው ያለችው። ስልኩን ስትመልስልኝ እንደ ሕፃን ልጅ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ሴቶቹ ከበቧት። እስኪወጣላት ማንም ዝም በይ አላላትም።

ሰልስቱ ካለፈ በኋላ የገበያ ቀን ነበር። ልጆቿን አብልታ፣ ጥቁር ቀሚሷን እንደለበሰች ቅቤ ልትገዛ ወጣች። ወደ ባሕር ዳር የምሄድበት ሚኒባስ እስኪሞላ አብሬያት ተቀመጥኩ። ከገጠር የመጣች አንዲት የማናውቃት አሮጊት ቅቤዋን ከቅጠሉ እየገለጠች ልብሷን አየች።

«ማን ሞቶብሽ ነው ልጄ?» አለቻት።

«አባቴ» አለች።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

«አሜን» አለች፤ ቅቤውን በጣቷ ነካ አድርጋ ቀመሰችና ዋጋውን ጠየቀች።